እርምጃውን ቁጠሩ፦ ከስትሮክ በኋላ ቤት ውስጥ መራመድን መልሶ ለመልመድ

ይህ ጽሑፍ ስትሮክ አንድ ጎኑን ያደከመበትንና ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት የገባን ሰው ለሚያስታምሙ የድሬ ዳዋ ቤተሰቦች ነው። የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ትንሽ ነው፦ ሜትር፣ ጠመኔ ወይም ፕላስተር፣ ደብተርና ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ። ትዕግሥት ግን ብዙ ያስፈልጋችኋል፤ ሥራው የወራት ነውና።

የሮቦት እግር ለብሰው የሚራመዱ ሕሙማንን በቪዲዮ ያየ ቤተሰብ ሁሉ «እንዲህ ያለው ለእኛ መቼ ይደርሰን ይሆን?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይቀድማል። የስዊዘርላንዱ ሆኮማ ኩባንያ የሚያመርተው ሎኮማት ሕመምተኛውን በመታጠቂያ ከላይ ደግፎ ይይዘዋል። ከእግሩ ሥር ትሬድሚል ይንከባለላል፤ ዳሌውና ጉልበቱ ላይ የታሰሩ ሞተሮች ደግሞ እግሩን እያነሱ ያራምዱታል። ዋጋው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ይህ ሁሉ ወጪ በዋናነት የሚገዛው አንድ ነገር ነው፤ ድግግሞሽ። አስታማሚው ሳይደክም፣ ታማሚው ሳይወድቅ፣ አንድ በአንድ የተቆጠረ ብዙ እርምጃ።

ስትሮክ የገደለው የአንጎል ክፍል አይመለስም። በዙሪያው ያለው ጤነኛ ክፍል ግን ሥራውን ሊረከብ ይችላል፤ የሚረከበውም እንቅስቃሴው ተደጋግሞ ሲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ የተሐድሶ ማዕከላት ውስጥ የልምምድ ክፍለ ጊዜዎችን ቁጭ ብሎ ቆጥሮ ነበር። የመራመድ ልምምድ በተሠራበት ክፍለ ጊዜ በአማካይ 357 እርምጃ፣ የእጅ ልምምድ በተሠራበት ደግሞ በአማካይ 32 እንቅስቃሴ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ቁጥሩን በእንስሳት ላይ ከተደረጉ ሙከራዎች ጋር ሲያስተያዩት በጣም አነሰባቸው። እንግዲህ ሀብታም በሆኑት አገሮችም ዋናው ጉድለት የድግግሞሽ ማነስ ነበር ማለት ነው። ይህን ጉድለት አንድ የድሬ ዳዋ ቤተሰብ ዛሬ መሙላት ሊጀምር ይችላል። ቆጣሪውም ስልካችሁ ውስጥ አለ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ታማሚው የታከመው ድል ጮራም ይሁን ሐረር ሕይወት ፋና ወይም ሌላ ሆስፒታል፣ ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን አራት ነገር ጠይቁና ደብተር ላይ ጻፉ። ስትሮኩ በደም መርጋት የመጣ ነው ወይስ በደም መፍሰስ? ደም ግፊቱ ስንት ሲደርስ ልምምድ ይቁም? ልቡ ላይ ሌላ ችግር አለ? መቆምና መራመድ ከመቼ ጀምሮ ተፈቅዷል? የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲያየው ሪፈር እንዲጻፍለትም ጠይቁ። ባለሙያው አንዴ ቢያየው እንኳ እግሩን እንዴት እንደምትይዙ አሳይቶ ይሸኛችኋል፤ ይህን ምንም ጽሑፍ አይተካውም።

«ቶሎ ካልተነሳ ይቀራል» ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣና ከ2,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ ስትሮክ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ታማሚን ደጋግሞና አብዝቶ ማስነሳት ውጤቱን ይጎዳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለሆስፒታሉ ተዉ። የእናንተ ሥራ ቤት ከገባ በኋላ ይጀምራል።

አሥሩን ሜትር ለኩ

የሚራመድበትን ፍጥነት ሳትለኩ ልምምድ ከጀመራችሁ ከወር በኋላ «ተሻለው» እና «አልተሻለውም» በሚሉ ዘመዶች መሐል ትቀራላችሁ። ስለዚህ ይህን መጀመሪያ አድርጉ።

14 ሜትር ቀጥ ያለና ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። ረጅም በረንዳ ወይም የግቢ መተላለፊያ ይሆናል። መጋላ ውስጥ ከሆናችሁና ቤቱ ጠባብ ከሆነ፣ በማለዳ ባጃጅ ሳይበዛ የሰፈሩን መንገድ ተጠቀሙ። በ0፣ በ2፣ በ12 እና በ14 ሜትር ላይ በጠመኔ ወይም በፕላስተር አስምሩ። ታማሚው ከ0 ተነስቶ እስከ 14 ይሄዳል፤ እናንተ ጊዜ የምትይዙት ከ2 እስከ 12 ያለውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሁለት ሜትር መነሻ ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ መስመሩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን እንዳይቀንስ ነው። አንድ እግሩ የ2 ሜትሩን መስመር ሲያልፍ የስልኩን ሰዓት አስነሱ፤ የ12ቱን ሲያልፍ አቁሙ።

ይህን ስታደርጉ ከፊቱ አትሂዱ። ጎን ለጎንም እኩል አትራመዱ፤ ሰው ሳያውቀው የአጠገቡን ሰው ፍጥነት ይከተላልና። ትንሽ ከኋላው ሁኑ። ልጁ «አባዬ፣ እንደ ሁልጊዜህ ሂድ፤ አትቸኩል፣ እስከ ጥግ ድረስ አትቁም» ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ሦስት ጊዜ አስኬዱት፤ በየመሐሉ ይቀመጥ። ሦስቱን ሰዓት ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉ። ከዘራ ይዞ ከሆነ ሁልጊዜም ያንኑ ከዘራ ይያዝ፤ ጫማውም ሰዓቱም አይለወጥ።

10ን ለሰኮንዱ ስታካፍሉ ፍጥነቱ በሜትር በሰኮንድ ይወጣል። 25 ሰኮንድ ከወሰደበት 0.4 ነው፤ 12.5 ሰኮንድ ከሆነ 0.8። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ትርጉም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከአሜሪካ የወጣና እስካሁን ባለሙያዎች የሚሠሩበት ጥናት ከስትሮክ በኋላ ያሉ ሰዎችን በዚሁ ይከፍላቸዋል፤ ከ0.4 በታች የሚሄድ ሰው በአብዛኛው ከቤት አይወጣም፣ በ0.4 እና በ0.8 መካከል ያለው ሰፈር ውስጥ በመጠኑ ይንቀሳቀሳል፣ ከ0.8 በላይ የሆነው ገበያም መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ብቻውን ሊሄድ ይችላል። ከ25 ሰኮንድ ወደ 18 ከወረደ ፍጥነቱ ከ0.4 ወደ 0.56 ገደማ ወጣ ማለት ነው። ይህን ያህል ለውጥ በሕይወቱ ላይ የሚታይ ለውጥ ነው፤ ደስ ይበላችሁ። የአንድና የሁለት ሰኮንድ ልዩነት ግን የዕለቱ ሁኔታ ሊሆን ስለሚችል አትደሰቱበትም፣ አትዘኑበትም።

በየሁለት ሳምንቱ ለኩ። 14 ሜትር ከሌላችሁ 8 ሜትር ላይ መሐሉን 4 ሜትር መለካት ይቻላል፤ ያን ጊዜ የምታካፍሉት 4ን ነው። አንዱን መርጣችሁ በዚያው ቀጥሉ።

ሴንሰሩ የት ይታሰር?

ስልካችሁ ውስጥ አክስለሮሜትር የሚባል ሴንሰር አለ። ከምስር ፍሬ ያነሰ ቺፕ ነው፤ ውስጡ እጅግ ቀጫጭን በሆኑ የሲሊከን ሞላዎች የተያዘች ክብደት አለች። ስልኩ ሲነቃነቅ ክብደቷ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ የቀረችበት መጠን በኤሌክትሪክ ይለካል። እርምጃ የሚቆጥረው መተግበሪያ ከዚህ ልኬት ውስጥ የሚፈልገው እኩል እየተደጋገመ የሚመጣ ምት ነው። ጤነኛ ሰው ተረከዙን ሲያሳርፍ ምቱ ጎልቶ ይወጣል። ከስትሮክ በኋላ ቀስ ብሎ፣ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሰው ግን ምቱ ደካማ ነው፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ከሆነ እርምጃውን ሊያልፈው ይችላል። እርምጃ የሚቆጥር የእጅ አምባርም እንዲሁ ነው። ከዘራ የጨበጠ ወይም ዎከር የያዘ እጅ ስለማይወዛወዝ፣ አምባሩ ሰውየው ቁጭ ያለ ይመስለዋል።

ይህን የማያውቅ ቤተሰብ በመሣሪያው ይበሳጫል፤ ይባስ ብሎም ታማሚውን «ዛሬ ምንም አልሄድክም» ብሎ ያሳዝነዋል። መፍትሔው ሴንሰሩን ወደ ቁርጭምጭሚት ማውረድ ነው። በዝግታ ለሚራመዱ የስትሮክ ታማሚዎች ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረ ሴንሰር ወገብ ላይ ካለው የተሻለ እንደሚቆጥር ጥናቶች አሳይተዋል። ጤነኛው እግር ላይ እሰሩት፤ ያኛው ምቱ ንጹሕ ነው፣ ደካማውም እግር ሸክም አይጨመርበትም። ለዚህ ቀላሉ አምባር ከስልክ ይመረጣል። ማሰሪያው ካጠረ በላስቲክ አስረዝሙት። ያላችሁ ስልክ ብቻ ከሆነ ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከባቱ ውጭ በኩል በሰፊ ላስቲክ እሰሩት፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ላልቷል። ከበደኝ ካለ ፈትታችሁ ወገቡ ላይ አጥብቃችሁ ሞክሩ።

ከዚያ ፈትኑት። ታማሚው በራሱ ፍጥነት ይራመድ፣ እናንተ በአፋችሁ 100 እርምጃ ቁጠሩ። ሴንሰሩ ከ90 እስከ 110 ካለ ይበቃል። 50 ገደማ ካለ የቆጠረው የታሰረበትን እግር ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ በሁለት አባዙት። 30 ካለ ቦታውን ለውጡ ወይም ሌላ መተግበሪያ ሞክሩ። ታይዋን ወይም ቀፊራ ገበያ አምባር የምትገዙም ብትሆኑ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ አስራችሁ፣ እግራችሁን እየጎተታችሁ ቀስ ብላችሁ 50 እርምጃ ሂዱና እዩት። ፈጥኖ ለሚሄድ ሰው የሚቆጥር ዕቃ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ መቁጠሪያዎች ሰውየው በእርግጥ እየተራመደ መሆኑን እስኪያረጋግጡ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች አይመዘግቡም፤ ስለዚህ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለችው አጭር ጉዞ ላትገባ ትችላለች። በሌላ በኩል ባጃጅ ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ እርምጃ መስሎት ሊቆጥር ይችላል። ከመሳፈራችሁ በፊት ያለውን ቁጥር ጻፉ።

ስልክም አምባርም ከሌለ ሽምብራ አለ። ከመራመጃው መስመር ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰሃን አስቀምጡ፤ አንዱ ውስጥ ሽምብራ አድርጉ። ታማሚው አንድ ዙር ሄዶ በተመለሰ ቁጥር በደካማ እጁ አንድ ሽምብራ አንስቶ ወደ ባዶው ሰሃን ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ጣቱ ሽምብራውን ከሰሃኑ ጠርዝ ጋር ገፍቶ ይጥለዋል፣ ያንሸራትተዋል፤ ሰውየውንም ላብ ያጠምቀዋል። አትንጠቁት፤ ጠብቁት። ካልቻለ በቡሽ ወይም በከረሜላ ጀምሩ። እንዲህ ሲሆን እግሩም እጁም አብረው ይለማመዳሉ፤ ሲያበቃ ደግሞ በሰሃኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ለራሱ የሚታይ ሥራው ነው።

ስንት እርምጃ?

በየስልኩ ላይ «የቀን ግብ» ተብሎ የሚታየውን 10,000 እርሱት። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 የጃፓኑ ያማሳ ኩባንያ ለሸጠው እርምጃ መቁጠሪያ ከወጣ ስም ነው፤ ለስትሮክ ታማሚ የታሰበ አይደለም። በመተግበሪያው ላይ ግቡን ራሳችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉ፤ በየቀኑ «አልደረስክም» የሚል መልእክት ለታመመ ሰው አይጠቅምም።

መነሻው የራሱ ቁጥር ነው። ሦስት ቀን ምንም ሳትጨምሩ፣ እንደ ወትሮው እየዋለ ቁጠሩና አማካዩን ያዙ። 600 ሆነ እንበል። የሚቀጥለውን ሳምንት በየቀኑ 660 አድርጉት፤ በየሳምንቱም አሥር በመቶ ያህል ጨምሩ። በአንድ ጊዜ አይሂደው፤ አራት ወይም አምስት ቦታ ከፋፍሉት። ሲራመድ አረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር መቻል አለበት፤ መዝፈን ከቻለ ደግሞ ትንሽ ይበርታ። በማግስቱ ከወትሮው በላይ ደክሞ ወይም መገጣጠሚያው አሞት ከተነሳ ወደ ቀድሞው ሳምንት ቁጥር ተመለሱ።

መቀመጥና መነሳትም ልምምድ ነው። በእኛ ከተማ መጅሊስ ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ መዋል የተለመደ ነው፤ ከመሬት መነሳት ግን አንድ ጎኑ ለደከመ ሰው ከባድ ነው። እጀታ ያለውና ከፍ ያለ ወንበር ስጡት፤ ግድግዳ አስደግፉለት። በየልምምዱ መጀመሪያ አምስት ጊዜ ይነሳ፣ ይቀመጥ። ሲጠነክር እጀታውን ሳይዝ ይሞክር።

ሲራመድ የምትቆሙት በደካማው ጎን በኩል፣ ግማሽ እርምጃ ከኋላ ነው። የምትይዙት ወገቡ ላይ የታጠቀውን ሰፊ ቀበቶ ወይም መቀነት ነው። የደከመ ክንዱን አትሳቡ፣ በብብቱ ሥርም አታንሱት። ከስትሮክ በኋላ የትከሻው ጡንቻዎች ላልተው ስለሚቆዩ መገጣጠሚያው በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ያ ሕመም ለወራት ልምምዱን ሊያስቆም ይችላል። መውደቅ ከጀመረ ተሸክማችሁ ለማስቀረት አትታገሉ፤ ወደ እናንተ አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት።

ጫማ፣ ድጋፍና ከዘራ

በሙቀቱ ምክንያት ሁላችንም በነጠላ ጫማ ነው የምንውለው። ለዚህ ሰው ግን አይሆንም። ተረከዙን የሚይዝ፣ የማያንሸራትት ጫማ ያድርግ።

ሲራመድ በስልካችሁ ከጎን ቪዲዮ ቅረጹና አዝግማችሁ እዩት። ደካማውን እግር ሲያነሳ ጣቶቹ ወደ መሬት ይንጠለጠላሉ? ጫፉ ይጎተታል? ጫማውንም አገላብጡ፤ የአንዱ ጫፍ ተበልቶ ከሆነ ምልክቱ ያ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያዎች ከባት እስከ እግር መዳፍ የሚደርስ የፕላስቲክ ድጋፍ ያዝዙለታል፤ ጣቶቹን ወደ ላይ ይይዝለታል። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በሚደግፋቸው ማዕከላት የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ርካሽና ጠንካራ ነው። በአገራችን በዚህ ሥራ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመውና መናገሻ ላይ ማዕከል ያለው ቼሻየር የተባለው ድርጅት ነው፤ ፖሊዮ የያዛቸውን ብዙ ሕፃናት በእግራቸው አቁሟል። ለእናንተ የት ቅርብ እንደሚሆን ሪፈር የሚጽፍላችሁን ባለሙያ ጠይቁ። ድጋፉ የሚለበሰው በጥጥ ካልሲ ላይ ነው፤ ጫማውም በግማሽ ቁጥር ይስፋ። መጀመሪያ ሰሞን ባወለቀ ቁጥር ቆዳውን እዩ። ቀልቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ለሠራው ባለሙያ መልሱት። ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ ላይሰማው ስለሚችል ይህን በየቀኑ አድርጉ።

ከዘራው በጤነኛው እጅ ይያዛል። ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲያንጠለጥል እጀታው የእጅ አንጓው ጋ ይድረስ። ጫፉ ጎማ ይኑረው። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርድ ከዘራውና ደካማው እግር ይቀድማሉ። ባጃጅ ላይ ሲሳፈር እግሩን አስቀድሞ አያስገባ፤ ጀርባውን ወደ ወንበሩ አዙሮ ይቀመጥና ከዚያ እግሮቹን ያስገባ። ሾፌሩን «ትንሽ ታገሠን» በሉት። የድሬ ሰው ለዚህ አይቸገርም።

ሙቀቱ

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ሲሆን ለጤነኛውም ይከብዳል። ልምምዱን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ አድርጉ፤ የቀረውን ከ11 ሰዓት በኋላ። ከቤት መውጣት ሲችል ከዚራ ውስጥ ዛፍ ያለባቸውን መንገዶች ምረጡ። የደቻቱን አሸዋ ለኋላ አቆዩት፤ አሸዋ ላይ መራመድ እግርን ከፍ አድርጎ ማንሳት ይጠይቃል። የደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይ የሚያሸናው፣ ከሙቀት ጋር ሲሆን ሲነሱ ያዞራል። ከአልጋ ሲነሳ መጀመሪያ ተቀምጦ ይቆይ፤ በቀን ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣም ሐኪሙን ጠይቁ።

ስለ ጫትም በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ መዋልም እርምጃውን ይበላዋል። ታማሚው ይቅም ከነበረ ለሐኪሙ አትደብቁ። ግልጽነቱ መጀመሪያ የሚጠቅመው ራሱን ታማሚውን ነው።

የልብ ምትና የደም ግፊት ቁጥሮች

አምባሮች የልብ ምትን የሚያነቡት አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ አብርተው ከደሙ የሚመለሰውን በመለካት ነው። ማሰሪያው ከላላ ወይም ላብ ከበዛ ይሳሳታሉ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም በብርሃን የሚሠራ ስለሆነ ጥቁር ሂና ባለበት ጣት ላይ ላያነብ ይችላል፤ ሂና የሌለበትን ጣት ተጠቀሙ። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው የልብ ምቱ እንደ ሌላው ሰው ስለማይጨምር መተግበሪያው በሚሰጠው የልብ ምት ግብ አትመሩ፤ በንግግሩና በድካሙ ፍረዱ። አምባሩ «ደም ግፊት» ብሎ የሚያሳየውን ቁጥር ለመድኃኒት ውሳኔ አትጠቀሙበት። ክንድ ላይ በሚታሰረው መሣሪያ፣ በጤነኛው ክንድ ለኩ።

ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ አዲስ ድክመት ወይም የአፍ መጣመም ከታየ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ልምምዱን አቁማችሁ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። አንድ ባቱ ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመው አትሹት፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ይታይ።

ሮቦት ከቀረበላችሁ

ዘመድ ውጭ አገር ወስዶ ሊያሳክም ሲፈልግ ወይም አንድ ማዕከል የሮቦት ልምምድ ሲያቀርብ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማስረጃው ምን እንደሚል እወቁ። በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለው የኮክሬን ግምገማ እንደሚለው፣ የሮቦት ልምምድ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲደመር ሰዎች ራሳቸውን ችለው የመራመድ ዕድላቸው ይጨምራል፤ ይበልጥ የሚጠቀሙት ደግሞ ስትሮክ ከደረሰባቸው ሦስት ወር ያልሞላቸውና ጭራሽ መራመድ የማይችሉት ናቸው። ቀስ ብለውም ቢሆን መራመድ የሚችሉ 48 ሰዎች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. የ2008 የአሜሪካ ጥናት ግን በባለሙያ እጅ እየታገዙ የተለማመዱት በሮቦት ከተለማመዱት ይልቅ ፍጥነታቸው ይበልጥ መሻሻሉን አገኘ። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም፤ ማሽኑ ሥራውን ሲሠራለት ሰውየው ራሱ መጣሩን ይቀንሳል።

የሚለበሱት ሮቦቶችም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሪዎክ የተባለውን የሚለበስ ሮቦት የፈጠረው እስራኤላዊው መሐንዲስ አሚት ጎፈር እ.ኤ.አ. በ1997 በደረሰበት አደጋ አካሉ የማይታዘዝለት ሰው ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የተፈቀደው የአከርካሪ ጉዳት ላለባቸው ሲሆን ሁለት ክራንች በብርቱ እጅ መያዝን ይጠይቃል፤ ጎፈር እጆቹም ስለተጎዱ ራሱ በሠራው መሣሪያ መሄድ አልቻለም። አንድ እጁ ለደከመ የስትሮክ ታማሚም እንዲህ ያለው አይመችም። ከሃርቫርድ ምርምር የወጣው ሬስቶር የተባለው ለስላሳ ልብስ ግን ቁርጭምጭሚትን በገመድ እየሳበ የሚያግዝ፣ ለስትሮክ ታማሚዎች የተሠራ ነው። ስለዚህ የሚያቀርብላችሁን ጠይቁት፦ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት እርምጃ ያራምደዋል? ለስንት ሳምንት? ከዚያ በኋላ ቤት ምን እንሠራለን? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ያዙ።

በድሬ ዳዋ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ለሚማሩ ወጣቶችም አንድ ነገር ልበል። የመመረቂያ ሥራ ለምትፈልጉ ይህ ሰፊ ሜዳ ነው። አክስለሮሜትርና ጋይሮስኮፕ አንድ ላይ የያዘው ኤምፒዩ-6050 ቺፕ ርካሽ ነው። እያንዳንዱ ታማሚ በሚራመድበት ልክ የሚስተካከል፣ ጣቱ ሲጎተት በንዝረት የሚያስታውስ፣ መብራት ሲጠፋ ቁጥሩን የማይረሳ፣ ላብ የማይገባው ቀላል የቁርጭምጭሚት መቁጠሪያ ሥሩ። ሞዴሉን ከመንደፋችሁ በፊት ግን ከአንድ ታማሚና ከአስታማሚው ጋር ግቢያቸው ውስጥ ጠዋቱን አሳልፉ።

ደብተሩን ይዛችሁ ተመለሱ

በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀን፣ እርምጃ፣ ደም ግፊት፣ ወድቆ ከሆነ የት። በየሁለት ሳምንቱ የአሥሩን ሜትር ሰኮንድ በቀይ ጻፉ። በቀጠሮ ቀን ሐኪሙ ያለው ደቂቃ ጥቂት ነው፤ «ደህና ነው» ከምትሉት ይልቅ ገጹን ዘርጉለትና ቪዲዮውን አሳዩት።

እርምጃው እየጨመረ የአሥሩ ሜትር ሰኮንድ ለስድስት ሳምንት ካልተነቃነቀ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። ባቱ ወይም ጉልበቱ እየገተረ ከሆነ ተናገሩ፤ ለጡንቻ መገተር ሕክምና አለ። ድጋፍ ከሌለው ድጋፍ ይፈልግ እንደሆነ፣ ካለው ልኩ ተለውጦ እንደሆነ ጠይቁ። ሥቃይ እያለበት ዝም ብሎ እንደሆነ ደግሞ ራሱን ታማሚውን፣ ሌላ ሰው በሌለበት ጠይቁት።